በደቡብ ሰማይ ያለችው ጭጋግ፦ ትናንሽ ጋላክሲዎች ክዋክብትን እንዴት ይወልዳሉ?



ባለፉት ዝግጅቶቻችን ስለ ሕክምና መድን፣ ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባና ስለ ቤት ኪራይ ውል ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን ከወረቀት ጣጣ ትንሽ ወጣ ብለን ወደ ሰማይ ቀና እንላለን። ይህን ርዕስ ለምን እንደመረጥኩት አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በመርካዝ ቅሊጣ ከሚኖር አንድ ቤተሰብ ዘንድ ለቡና ተጠርቼ ነበር። የቤቱ አባት ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ፣ በጎንደር ገጠር ከብት ሲጠብቁ ያደጉ፣ ኋላም በግብርና የኖሩ ሰው ናቸው። እኔም እንደ ቤቱ ልጆች አባባ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ ወደ ደቡብ አሻግረው ተመለከቱና፣ «እዚህ አገር ያቺ ጭጋግ የለችም» አሉኝ።

«የምን ጭጋግ ናት አባባ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በጥርና በየካቲት ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነህ ወደ ደቡብ ስታይ፣ ከሰማዩ ግርጌ እንደ ጭስ ያለች ነጭ ነገር ነበረች። ደመና ናት እንዳልል ደመና ይበተናል፤ እሷ ግን ከክዋክብቱ ጋር ትወጣለች፣ ከክዋክብቱ ጋር ትገባለች። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ብፈልጋት አጣኋት።»

የልጅ ልጃቸው አጠገባችን ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዕብራይስጡን እንደ ውኃ ይጠጣዋል። «አባባ፣ ሰማይ እኮ በሁሉም አገር አንድ ነው! በትምህርት ቤት ተምረናል» ብሎ ሳቀ። እሳቸውም «ይሆናል» ብለው ዝም አሉ።

ወገኖቼ፣ እዚህ አገር ከገባን ወዲህ ይህችን «ይሆናል» የምትል ቃል ስንት ጊዜ ሰምተናታል? አባት የልጁን የቤት ሥራ ማንበብ ሲያቅተው «ይሆናል» ይላል። እናትም በክሊኒክ ውስጥ ልጇ አስተርጓሚ ሲሆንላት «ይሆናል» ትላለች። ስንት ዘመን ያዩትንና የሚያውቁትን ነገር ሁሉ በራፍ ላይ ጥለው የገቡ ይመስላቸዋል። የአባባ ዝምታ ከሆዴ አልወጣ ስላለ፣ በማግስቱ የክዋክብት ካርታ ፈልጌ ነገሩን መረመርኩ። አባባ ትክክል ናቸው። የተሳሳተው ልጁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምድር ክብ ስለሆነች ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር የደቡብ ክዋክብት እየወረዱ፣ የሰሜን ክዋክብት እየወጡ ይሄዳሉ። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ኢየሩሳሌም ደግሞ ወደ 32 ዲግሪ ግድም ናት። ስለዚህ ከጎንደር ወደ ኢየሩሳሌም የመጣ ሰው የደቡብ ሰማዩ በ19 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎበታል። እጃችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ ጭብጥ ብታደርጉ የአንድ ጭብጥ ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ይሆናል። የአባባ ጭጋግ ከጎንደር ስትታይ ከአድማሱ ላይ ከአንድ ጭብጥ ትንሽ ያነሰ ከፍታ ይዛ በየካቲት መግቢያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ላይ ትቆማለች። እንደዚህ አገር ሰዓት አቆጣጠር ከሆነ 20 ሰዓት ማለቴ ነው፤ መቼም የሰዓቱ ነገር ሁላችንንም ቀጠሮ አሳስቶናል። ከኢየሩሳሌም ግን ያቺው ጭጋግ ከፍ አለች በምትባልበት ሰዓት እንኳ ከአድማሱ በታች 11 ዲግሪ ናት። ከሚጽፔ ራሞንም፣ ከኤላትም ቢሆን ከቶ አትወጣም።

ይህች ጭጋግ በሳይንስ መጽሐፍ «ትልቁ የማጄላን ደመና» ትባላለች። ስሟን ያገኘችው ከ1519 እስከ 1522 በተደረገው የማጄላን የመርከብ ጉዞ ምክንያት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው።) ከምድር ወገብ በታችና በአቅራቢያው የሚኖር ሕዝብ ሁሉ ማጄላን ሳይወለድ ሲያያት የኖረ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም፤ ስም ማውጣቱ ግን መርከብና ማተሚያ ቤት ላለው ደረሰ። አጠገቧም «ትንሹ የማጄላን ደመና» የምትባል እኅት አለቻት፤ እሷ ከጎንደር ስትታይ ይበልጥ ዝቅ ስለምትል ተራራ በቀላሉ ይጋርዳታል።

ጭጋጓ ጭስ አይደለችም። ብዙ ቢሊዮን ክዋክብት ናቸው። ከርቀታቸው የተነሣ ብርሃናቸው ተደባልቆ እንደ ጭስ ይታያል። በክረምት ማታ ከሩቅ መንደር የሚታይ የብዙ ጎጆ እሳት አንድ ወጋገን እንደሚመስል ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው በስበት ኃይል ተያይዞ የሚኖር የክዋክብት፣ የጋዝና የአቧራ ማኅበር ጋላክሲ ይባላል። እኛ የምንኖርበት ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ ሲሆን ከ100 ቢሊዮን የሚበልጡ ክዋክብት አሉት። በዙሪያው ደግሞ ከ60 የሚበልጡ ትናንሽ ጋላክሲዎች ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹ በጥቂት ሺህ የሚቆጠሩ ክዋክብት ብቻ ያሏቸው ናቸው። የአባባ ጭጋግ ከእነዚህ ትልቋ ናት። ብርሃኗ ወደ እኛ ለመድረስ 160 ሺህ ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

እንግዲህ የዛሬው ዋና ጉዳያችን እነዚህ ትናንሽ ጋላክሲዎች ናቸው። በእነሱ ውስጥ ክዋክብት እንዴት ይወለዳሉ? ስንትስ ትውልድ አለባቸው? አንዳንዶቹስ መውለድ ያቆሙት ለምንድን ነው?

ኮከብ የሚወለደው ከቀዝቃዛ ጋዝ ነው። ጋዙ በአብዛኛው ሃይድሮጅን ነው፤ ሲቀዘቅዝ በራሱ ስበት ይሰበሰባል፣ ይጠባል፣ መካከሉም እየጋለ ይሄዳል። የመካከሉ ግለት ከ10 ሚሊዮን ዲግሪ ሲያልፍ ሃይድሮጅኑ ወደ ሂሊየም መለወጥ ይጀምራል፤ ከዚያም ኮከቡ ይበራል። ግዙፍ ኮከብ ብዙ ነዳጅ አለው፤ ነገር ግን ያለ ልክ ስለሚያነድ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ይጨርሰዋል። ሀብቱን በአንድ ድግስ እንደሚጨርስ ባለጸጋ ማለት ነው። የእኛ ፀሐይ 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል የምትነድ ሲሆን ግማሹን ገደማ አሳልፋለች። ከፀሐይ በጣም የሚያንሱ ክዋክብት ደግሞ እንደ ወይራ ግንድ ቀስ እያሉ ስለሚነዱ፣ ዓለም ከተጀመረበት ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ወዲህ የተወለደ አንዳቸውም በዕድሜ ብዛት አልሞተም።

ታዲያ የኮከብን ጠባይ ከዚህ ሆኖ ማን ያውቃል ትሉ ይሆናል። ከእናንተ መካከል አባቱ ወይም አያቱ ወናፍ አስነፍተው ብረት ሲቀጠቅጡ ያየ ብዙ ሰው አለ። ያ ሙያ በአገራችን ስንሰደብበት የኖርን ቢሆንም ዕውቀት ያለበት ሙያ ነው። ብረቱ እሳት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ደብዘዝ ያለ ቀይ ይሆናል፤ ቀጥሎ ብርቱካን ይመስላል፤ ከዚያ ቢጫ፣ በጣም ሲግል ነጭ ይሆናል። ሠሪው ቴርሞሜትር አያስፈልገውም፤ ቀለሙን አይቶ መዶሻውን ያነሣል። የክዋክብት ተመራማሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቀይ ኮከብ ላዩ 3,000 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ እንደ ፀሐይ ቢጫማ የሆነው 5,500 ያህል ነው፤ ከነጭ አልፎ ወደ ሰማያዊ የሄደው ከ20,000 ሊበልጥ ይችላል። ሰማያዊዎቹ ግዙፎቹ ናቸው። ግዙፎቹ ደግሞ ዕድሜያቸው አጭር መሆኑን አይተናል። ስለዚህ አንድ ጋላክሲ ሰማያዊ ክዋክብት ካሉት፣ በቅርብ ጊዜ ወልዷል ማለት ነው። ቀይ ብቻ ከሆነ ግን ልጅ ከወለደ ብዙ ዘመን አልፎታል።

ይህን ነገር በሥርዓት ያስረዳው ሰው ታሪክ ለእኛ ለስደተኞች ይጥመናል። ዋልተር ባደ ይባላል። ጀርመን ውስጥ ተወልዶ በ1931 ወደ አሜሪካ የሄደ፣ በካሊፎርንያ በዊልሰን ተራራ ቴሌስኮፕ ላይ የሚሠራ ሰው ነበር። የአሜሪካ ዜግነት ለማግኘት ወረቀት ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ቤት ሲቀይር ወረቀቱ ጠፋበትና ነገሩን ሳይፈጽመው ቀረ። (ወረቀታችሁን በፕላስቲክ አድርጋችሁ ከአንድ ቦታ አኑሩ ስንል በከንቱ አይደለም።) ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ «የጠላት አገር ዜጋ» ተብሎ ተመዘገበ፤ ወደ ጦር ሥራ እንዳይገባም ተከለከለ። ባልደረቦቹ ሁሉ ለጦርነቱ ምርምር ሲሄዱ እሱ ያን በጊዜው በዓለም ታላቅ የነበረውን ቴሌስኮፕ ይዞ ቀረ። በዚያ ላይ የሎስ አንጀለስ ከተማ የአየር ጥቃት በመፍራት መብራቷን ስለምታጠፋ ሰማዩ ጨለመለት።

ባደ በእነዚያ ጨለማ ሌሊቶች የአንድሮሜዳን ጋላክሲ እምብርትና በአጠገቧ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ጋላክሲዎች ለቀይ ብርሃን በተዘጋጀ ፊልም አነሣ። ከዚያ በፊት እንደ ጭጋግ ብቻ ይታዩ የነበሩት እነዚህ ቦታዎች በፎቶግራፉ ላይ ነጠላ ነጠላ ክዋክብት ሆነው ተለዩ፤ ሁሉም ቀያዮች ነበሩ። በ1944 ባወጣው ጽሑፍ ክዋክብት ሁለት ሕዝብ ናቸው አለ። «ሕዝብ» የሚለው ቃል የራሱ ነው። አንደኛው ሕዝብ ጋዝና አቧራ ባለበት ሥፍራ የሚኖሩት ወጣቶችና ሰማያዊዎች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ሕዝብ ጋዝ በሌለበት የሚኖሩት አሮጌዎችና ቀያዮች ናቸው። ወጣቶቹን አንደኛ፣ ሽማግሌዎቹን ሁለተኛ ብሎ መቁጠሩ በእኛ ባህል ነውር ነበር፤ ሳይንቲስቶቹ ግን እስከ ዛሬ እንደዚያው ይጠሩታል። ይህ ግኝት ሌላም ፍሬ ነበረው። ርቀት መለኪያ የሆኑት ተለዋዋጭ ክዋክብትም በሁለት ዓይነት ሊከፈሉ እንደሚገባ ስለታወቀ፣ ባደ በ1952 የአንድሮሜዳ ርቀት ቀደም ብሎ ከታሰበው እጥፍ መሆኑን አስታወቀ።

ስለ ርቀት መለኪያ ካነሣን፣ እሱም የተገኘው ከእነዚሁ የማጄላን ደመናዎች ነው። በአሜሪካ በሃርቫርድ የፎቶግራፍ መስተዋቶችን እየመረመረች የምትቆጥር ሄንሪየታ ሌቪት የተባለች፣ ጆሮዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። በ1908 በሁለቱ ደመናዎች ውስጥ 1,777 ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ክዋክብት መዝግባ አወጣች። በ1912 ደግሞ በትንሹ ደመና ውስጥ ያሉ 25 ክዋክብትን አነጻጽራ፣ ኮከቡ በደመቀ ቁጥር ከፍ ዝቅ ለማለት የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል አለች። ከዚያ በኋላ ሰዓት የያዘ ሰው የኮከብን ርቀት ማስላት ቻለ።

ዛሬ ቴሌስኮፖቹ ስለ በረቱ ሁለት ሕዝብ ብቻ ብሎ ማቆም የለም። በቅርባችን ያሉትን ትናንሽ ጋላክሲዎች ኮከብ በኮከብ ይቆጥሯቸዋል። ይህም የመንደር ቆጠራ ማለት ነው። ወደ አንድ መንደር ብትገቡና ከአሥር ዓመት በታች የሆነ ልጅ ባታዩ፣ በዚያ መንደር ከአሥር ዓመት ወዲህ እንዳልተወለደ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። ሽማግሌዎችና ሕፃናት ኖረው ጎልማሳ ከጠፋ ደግሞ በመካከል አንድ ክፉ ዘመን ማለፉን ትረዳላችሁ። የክዋክብት ቆጠራም እንዲህ ያለ ወሬ ይነግራል።

ለምሳሌ ስካልፕተር የምትባለዋን ትንሽ ጋላክሲ እንውሰድ። በደቡብ አፍሪካ በነበረው የሃርቫርድ ጣቢያ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ተገኝታ ሃርሎ ሻፕሊ በ1938 ያስታወቃት ናት። ክዋክብቷ በጠቅላላው ሽማግሌዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይሆናቸዋል። ጋዝም የላትም። በዚያው ዓመት የተገለጸችው ፎርናክስ ግን እስከ ጥቂት መቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት ድረስ ስትወልድ ቆይታለች። ካሪና የተባለችው ደግሞ ነገሯ ይለያል፤ ወለደች፣ ለቢሊዮን ዓመታት አረፈች፣ እንደገና ወለደች። ሊዮ ኤ የምትባለው፣ 2.6 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ ብቻዋን የምትኖረው፣ አብዛኞቹን ክዋክብቷን የወለደችው ዘግይታ፣ ከ8 ቢሊዮን ዓመት ወዲህ ነው። የአባባ ጭጋግም ብትሆን የራሷ ዝምታ ነበራት። በውስጧ ያሉት የክዋክብት ጉባኤዎች በአብዛኛው ወይ ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ናቸው ወይም ከ4 ቢሊዮን ዓመት በታች ናቸው፤ በመካከል ያለ ጉባኤ ቢፈለግ አንድ ብቻ ተገኝቷል ማለት ይቻላል።

ለምን ዝም ይላሉ? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

አንደኛው ምክንያት ከራሳቸው ልጆች የሚመጣ ነው። ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ ይፈነዳል። ይህ ፍንዳታ ሱፐርኖቫ ይባላል፤ በአካባቢው ያለውን ጋዝ አግሎ በኃይል ይገፋዋል። በትልቅ ጋላክሲ ውስጥ የተገፋው ጋዝ ስበቱ ስለሚመልሰው ዞሮ ይወርዳል። ትንሿ ጋላክሲ ግን አጥሩ ዝቅ እንዳለ በረት ናት፤ ጥጃው አንዴ ዘለለ ማለት ሄደ ማለት ነው። ጋዝ ከሌለ ደግሞ ወሊድ የለም።

በነገራችን ላይ እንዲህ ያለ ፍንዳታ በዘመናችን ታይቷል። በየካቲት 23 ቀን 1987 በዚያችው በአባባ ጭጋግ ውስጥ አንድ ኮከብ ፈነዳ፤ ማለትም ብርሃኑ በዚያ ቀን ወደ እኛ ደረሰ። ከ1604 ወዲህ በዓይን የታየ የመጀመሪያው ቅርብ ሱፐርኖቫ ነበር። አባባ ያኔ እዚያው ጎንደር ነበሩ። ጠየቅኋቸው፤ «እኔ ጭጋጓን እንጂ ኮከቡን ልብ አላልኩም» አሉኝ።

ሁለተኛው ምክንያት የጎረቤት ነገር ነው። ፍኖተ ሐሊብ በዙሪያው በጣም ስስ የሆነ ግን እጅግ የጋለ ጋዝ ለብሷል። ትንሽ ጋላክሲ በዚያ ውስጥ በፍጥነት ስታልፍ ነፋስ ይመታታል። አውድማ ላይ እህል ሲያነፍሱ አይታችኋል፤ በመንሽ ወደ ላይ ሲበተን እህሉ ከባድ ስለሆነ እዚያው ይወድቃል፣ ገለባውን ነፋስ ይወስደዋል። ክዋክብቱ እንደ እህሉ ናቸው፣ ምንም አይሆኑም፤ ጋዙ ግን እንደ ገለባው ይሄዳል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ከእኛ እስከ አንድ ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ባለው ክልል ያሉት ትናንሽ ጋላክሲዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ባዶ እጃቸውን የቀሩ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ርቀው የሚኖሩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጋዛቸው አብሯቸው አለ። በቅርቡ ካሉት ጋዛቸውን እስካሁን ያላጡት ሁለቱ የማጄላን ደመናዎች ናቸው፤ ለዚህም የረዳቸው ግዝፈታቸውና ወደ እኛ የቀረቡት በቅርብ ዘመን መሆኑ ነው። እነሱም ቢሆኑ ከኋላቸው ረጅም የጋዝ ጅራት እየጎተቱ ነው የሚሄዱት።

ሦስተኛው ምክንያት በጣም ትናንሾቹን ይመለከታል። ዓለም ገና አንድ ቢሊዮን ዓመት ሳይሞላት የመጀመሪያዎቹ ክዋክብትና ጋላክሲዎች ብርሃን በየስፍራው ያለውን ጋዝ አጋለው። የጋለ ጋዝ ደግሞ ስበታቸው ደካማ በሆነ በትናንሾቹ ውስጥ አይረጋም። ስለዚህ ከ12 ቢሊዮን ዓመት በላይ አንድም ኮከብ ያልወለዱ፣ እንደ ቅሪት ሆነው የቆዩ ጋላክሲዎች አሉ። እጅግ ደብዛዛ ስለሆኑ የተገኙት ከ2005 ወዲህ ነው። ከላይ ከ60 ይበልጣሉ ካልኳችሁ ውስጥ ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው።

የማጄላን ደመና ግን በአሁኑ ጊዜ በወሊድ ላይ ናት። በውስጧ ታራንቱላ የሚባል የጋዝ ሥፍራ አለ። በመካከሉ ያሉት ክዋክብት ዕድሜያቸው አንድ ወይም ሁለት ሚሊዮን ዓመት ቢሆን ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን ወደ 200 ፀሐይ ያህል ይመዝናል። ያ ሥፍራ የኦሪዮንን ጋዝ ያህል ቢቀርበን ኖሮ በሌሊት ጥላ እስኪጥልብን ያበራ ነበር ይባላል።

በዚህ አገርም ስለዚህ ነገር የደከሙ አሉ። የቴልአቪቭ ዩኒቨርሲቲ በሚጽፔ ራሞን አጠገብ ዋይዝ የሚባል የክዋክብት መመልከቻ አለው፤ በ1971 የተሠራ ሲሆን የቴሌስኮፑ መስተዋት ስፋቱ 1 ሜትር ነው። ኖኅ ብሮሽና ኤልሃናን አልሞዝኒኖ በ1990ዎቹ ዓመታት በዚህ ቴሌስኮፕ ሰማያዊ ትናንሽ ጋላክሲዎችን መርምረዋል። ጋላክሲዎቹ ከ50 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ በሚገኘው በቪርጎ ስብስብ ውስጥ ያሉ ናቸው። አዲስ የተወለደ ኮከብ በዙሪያው ያለውን ሃይድሮጅን ልዩ በሆነ ቀይ ብርሃን ያበራዋል፤ ያን ብርሃን በመለካት በዓመት ስንት ኮከብ እንደሚወለድ ማስላት ይቻላል። ወሊዱ በየጊዜው እየተነሣ የሚቆም እንደሆነና ከወጣቶቹ ሥር የቆዩ ክዋክብትም እንዳሉ ነው ያገኙት። አገራችንም በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሏት። እዚያ ያለ ሰው የማጄላንን ደመና ከአድማሱ 11 ዲግሪ ከፍ ብላ ያያታል፤ ሚጽፔ ራሞን ያለው ግን አያያትም።

ስለ «ሰማያዊ ትናንሽ» ካነሣሁ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ዝዊኪ 18 የምትባል ትንሽ ጋላክሲ ለረጅም ጊዜ አዲስ የተወለደች ናት ትባል ነበር። ምክንያቱም ሰማያዊ ናት፤ በተጨማሪም «ብረቷ» ጥቂት ነው። የክዋክብት ተመራማሪዎች ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም በስተቀር ሌላውን ሁሉ ብረት ነው የሚሉት፤ ኦክስጅን እንኳ ለእነሱ ብረት ነው። ይህን ያገሬ ብረት ሠሪ ቢሰማ ምን ይል ይሆን? እውነተኛው ብረትም ሆነ ኦክስጅን የተሠራው በክዋክብት ውስጥና በፍንዳታቸው ጊዜ ነው። ስለዚህ ብዙ ትውልድ ያለፈበት ጋላክሲ ብዙ ብረት አለው፤ ጥቂት ትውልድ ያለፈበት ጥቂት አለው። ማረሻችን የተሠራበት ብረት፣ በደማችን ውስጥ ያለውም ጭምር፣ ፀሐይ ሳትወለድ ከፈነዱ ክዋክብት የመጣ ነው። የማጄላን ደመና ከፀሐይ ግማሽ ያህል ብረት አላት፣ ትንሿ አምስተኛውን፣ ዝዊኪ 18 ግን አርባኛውን ገደማ ብቻ ነው ያላት። በ1972 ሰርልና ሳርጀንት የተባሉ ሁለት ሰዎች ይህን ሲያስታውቁ፣ ጋላክሲዋ ከጥቂት ጊዜ በፊት የተወለደች ልትሆን ትችላለች ተባለ። ኋላ ግን ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ አተኩሮ ሲያያት፣ ከሰማያዊዎቹ ጀርባ ደብዛዛ ቀያይ ክዋክብት ተገኙ፤ ይህም በ2007 ታወቀ። ዕድሜያቸው ቢያንስ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ይበልጣል። ልጆቹ እየጮሁ ስለነበር ሽማግሌዎቹ ሳይታዩ ቀርተው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ጋላክሲ እንመለስ። ፍኖተ ሐሊብ ባደገበት ዘመን ብዙ ትናንሽ ጋላክሲዎችን ውጧል። በ1994 ኢባታ፣ ጊልሞርና ኧርዊን የተባሉ ተመራማሪዎች ሳጂታሪየስ የምትባል ትንሽ ጋላክሲ አገኙ፤ ፍኖተ ሐሊብ እየበጣጠሳት፣ ክዋክብቷም እንደ ክር ተዘርግተው ዙሪያውን ሲከቡት ይታያሉ። በ2018 ደግሞ ጋያ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት በላከችው መረጃ፣ ከ10 ቢሊዮን ዓመት በፊት ገደማ አንድ ጋላክሲ ሙሉ በሙሉ ከእኛ ጋር መቀላቀሉ ታወቀ። ዛሬ እነዚያ ክዋክብት በፀሐይ አካባቢ ሳይቀር ከነባሮቹ ጋር ተደባልቀው ይኖራሉ።

ተደባልቀው ሳለ በምን ተለዩ? አንደኛ በአካሄዳቸው ነው፤ ከነባሮቹ ጋር አብረው አይዞሩም፣ ሽቅብና ቁልቁል ይመላለሳሉ። ሁለተኛ በውስጣቸው ባለው ነገር ነው። ግዙፍ ክዋክብት ቶሎ ስለሚፈነዱ ማግኒዥየምን ቶሎ ይረጫሉ። አብዛኛውን ብረት የሚረጨው ሌላ ዓይነት ፍንዳታ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። በዝግታ በሚወልድ ትንሽ ጋላክሲ ውስጥ ያ ዘግይቶ የሚመጣው ብረት ብዙ ትውልድ ሳይወለድ ይደርሳል፤ በመሆኑም በዚያ የሚወለድ ኮከብ ማግኒዥየሙ ከብረቱ ጋር ሲመዘን ያንሳል። ይህም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አይለወጥም። ሰው አፉን ሲከፍት በአነጋገሩ የጎንደር ነው፣ የትግራይ ነው እንደምንለው፣ ኮከብም ብርሃኑ ሲተነተን የት እንደተወለደ ይታወቃል። አገር ቢቀይርም፣ 10 ቢሊዮን ዓመት ቢያልፍም ያው ነው።

ባለፈው ሳምንት ካርታውን ይዤ ወደ አባባ ቤት ተመለስኩ። ልጁን ጠርቼ የሰሜን ኮከብን አሳየሁትና ከአድማሱ ስንት ጭብጥ እንደምትርቅ እንዲለካ ነገርኩት። ሦስት ጭብጥ ከትንሽ ሆነለት። «አባባ፣ በጎንደር ስንት ጭብጥ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። እሳቸውም ሳያመነቱ እጃቸውን ዘርግተው አንድ ጭብጥና ሁለት ጣት ያህል አሳዩን። ልጁ ወረቀት አምጥቶ ቀነሰ፣ ሁለቱን ከተሞች በካርታው ላይ ፈለገ፣ ከዚያም ብዙ ዝም አለ። ቀጥሎ የጠየቀው ስለ ጭጋጓ ነበር፤ ምን ያህል ትሰፋ እንደነበር፣ ጨረቃ ስትወጣ ትጠፋ እንደሆነ፣ ሌላም ብዙ። አባባ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሲመልሱለት አመሹ። ያልጠየቃቸውንም ነገሩት፤ አዝመራው ሲቃረብ ማለዳ የትኞቹ ክዋክብት እንደሚታዩ ጭምር።

እናንተም መሞከር ከፈለጋችሁ፣ በየካቲት አጋማሽ ከምሽቱ 20:30 ገደማ ከከተማ መብራት ራቅ ብላችሁ ወደ ደቡብ ተመልከቱ። ከክዋክብት ሁሉ የምትደምቀውን ሲሪየስን አግኙና ከእሷ ሥር ቀጥ ብላችሁ እስከ አድማሱ ውረዱ። ሕንፃ ወይም ኮረብታ ካልጋረዳችሁ፣ ከመሬቱ ግማሽ ጭብጥ ያህል ብቻ ከፍ ያለች ደማቅ ኮከብ ታያላችሁ፤ ካኖፐስ ትባላለች። በጎንደር ከፍ ብላ ትታይ የነበረችው ይህች ናት። የአባባ ጭጋግ ከእሷ በታች፣ ሁለት ጭብጥ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ርቀት፣ ከመሬቱ ሥር ናት።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ወደ ቤት ኪራይ ውሉ ጥያቄዎቻችሁ እንመለሳለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።